ለወሬ ያልተሠራ ጄል

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ደንበኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል፤ ሱቁን ከከፈተ እስኪዘጋ ድምፁ አይቋረጥም ለማለት ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱ በጨርቅ ታስሮ ማምለጫ ስለሌለው ያዳምጠዋል። ተራ የሚጠብቁት ግን ወደው ነው። ተራቸው ሲደርስ «እኔ አልቸኩልም፣ አንተ ቅደም» እየተባባሉ ወሬው እስኪያልቅ ይቆያሉ። እኔ አንድ ልጁ ነኝ፤ የምታወቀው በዝምታዬ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ አብራን የምትኖረው አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ «ለዚህ ቤት የተመደበውን ቃል አባትሽ ብቻውን ጨረሰው፤ ላንቺ ምን ይድረስሽ» ትለኛለች።

ዕጢው የተገኘው ምላሱ ሥር ነው። ሐኪሙ ሲነግረው አባቴ ጥቂት አሰበና «ሌላ ቦታ አጥቶ ነው?» አለ። ሐኪሙ ሳቀ፤ ወዲያው መሳቁ አሳፈረው።

ለጨረር ሕክምናው በፊቱ ልክ ጭንብል ተሠራለት። በሙቅ ውሃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ፊቱ ላይ ዘረጉበት፤ አገጩንና አፍንጫውን ተከትሎ ደረቀ። በሕክምናው ሰዓት ጭንብሉን አልብሰው ከጠረጴዛው ጋር ይቆልፉታል፤ ጨረሩ የታለመለትን እንዳይስት። «ዕድሜ ልኬን ሰውን አትነቃነቅ እያልኩ ሳስቸግር ኖሬ፣ ይኸው የእጄን አገኘሁ» ይል ነበር። ይህን ሲል ገና መናገር አላቃተውም።

ሕክምናው እየገፋ ሲሄድ የአፉ ውስጠኛ ቆዳ ተላጠ። ጉንጩ፣ የምላሱ ጠርዝ፣ የከንፈሩ ውስጥ ሁሉ ነጭ ሽፋን የጣለበት ቀይ ሥጋ ሆነ። ምራቁን ለመዋጥ ዓይኑን ጨፍኖ የወንበሩን ክንድ ይጨብጣል። የሚዋጠው ማስታገሻ እንቅልፍ እንጂ እፎይታ አላመጣለትም። ማውራቱንም ተወ። ቤታችን ውስጥ የግድግዳ ሰዓት እንዳለን ያወቅሁት ያን ሰሞን ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለው የመድኃኒት ቅመማ ላቦራቶሪ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። ጥናቴ በጨረር ለቆሰለ አፍ በሚቀባ ጄል ላይ ነው። ርዕሱን የመረጥኩት አባቴ ከመታመሙ በፊት ነው። አክስቴ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች «ምነው ሌላ በሽታ አጥተሽ» አለችኝ፤ ከዚያ ያለችውን ሰምታ ቢላዋውን አስቀመጠችና ወጣች። አልተቀየምኳትም። እኔም አስቤው ነበር።

ማደንዘዣ ብቻውን አፍ ውስጥ ቢቀቡት ምራቅ ጠርጎት ይሄዳል። ስለዚህ በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች ውስጥ እንከተዋለን። ቅንጣቶቹ የሚሠሩት ከባሕር እንስሳት ቅርፊት ከሚወጣ ዱቄት ነው፤ ይህ ዱቄት እርጥብ ሥጋ ላይ የመጣበቅ ጠባይ አለው። አሟሙተነው ሌላ ፈሳሽ በጠብታ ስንጨምርበት ጥርት ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ወተት የነካው ይመስላል። ያኔ ተወለዱ እንላለን። ከጄሉ ጋር ሲዋሃዱ ቁስሉ ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ማደንዘዣውን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃሉ። ለአባቴ ይህን የነገርኩት ገና ጤነኛ ሳለ ነው።

«ምን ያህል ይደቅቃሉ?» አለኝ።

«ከአንድ ፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳሉ።»

«እና ማታ ማታ እንዴት አድርገሽ ትጠርጊያቸዋለሽ?»

ሽፋኑ ምን ያህል እንደሚቆይ የምንሞክረው በበግ ጉንጭ ነው። ሥጋ ሻጩ ለምዶኛል። መጀመሪያ ሰሞን «ጉንጭ ብቻ? ሌላው አካሉ ምን በደለሽ?» ይለኝ ነበር። ጉንጩን መስታወት ላይ ወጥረን ሰው ሠራሽ ምራቅ እናንጠባጥብበታለን፤ ጎማ የተገጠመለት የማሽን ክንድ ደግሞ እየተመላለሰ ያኝከዋል። ጥርስ ስለሌለው ጓደኞቼ «ሽማግሌው» የሚል ስም አውጥተውለታል። የእኔ ጄል ሽማግሌውን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ቻለ። አንድ ሰው ረጋ ብሎ ምሳውን በልቶ እስኪጨርስ ይቆያል። መምህሬ በምስጋና የማይታወቁ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን ማሽኑን አጥፍተው «እንግዲህ ሰው ይብላበት» አሉ።

ጄሉ ሆስፒታል ውስጥ በሕመምተኞች ላይ እንዲሞከር ሲፈቀድ ከገቡት አንዱ አባቴ ሆነ። መምህሬ ጠርተው፣ የእሱን ክብደትና ቁስል ሌላ ሰው እንደሚከታተል፣ እኔ ግን እንደ ማንኛዋም ልጅ ቤት ውስጥ ልቀባው እንደምችል ነገሩኝ። «ከዚያ ያለፈ ነገር እንዳታደርጊ» አሉ። «እሺ» አልኩ። ብዙ ጊዜ የምለው ይህንኑ ነው።

አቀባቡ ሥርዓት አለው። አፉን በንጹሕ ጨርቅ አደርቃለሁ፣ በጓንት ጣቴ ቁስሉን ሁሉ አዳርሳለሁ፣ ከዚያ ሽፋኑ እስኪይዝ አፉን ከድኖ ይቀመጣል። አይውጥም፣ አይናገርም። ማደንዘዣው እንዳይበዛበት ሰዓቱ ሳይደርስ አይደገምም። የመጀመሪያው ቀን እሱ እኔን እያየ፣ እኔ ግድግዳውን እያየሁ ጠበቅን። የአባቴን አፍ ውስጥ በጣቴ ነክቼ አላውቅም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከንፈሩን በጥንቃቄ ከፈተ፤ እንደ ሰው ቤት በር።

«ተዘጋ» አለ።

«ምኑ?»

«ሕመሙ። ድምፁ ተዘጋ።»

ከዚያ አንድ ሳሕን ሾርባ ጠጣ፤ ግማሽ እንቁላልም በላ። አክስቴ በር ኋላ ቆማ ታለቅስ ነበር። ያን ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ እጄን ሳየው ቆየሁ። ኩራት ነበር መሰለኝ።

ክብደቱ ግን መቀነሱን አላቆመም። ሐኪሙ ጭንብሉ እየሰፋው መሆኑን አሳየን። ጉንጩና ፕላስቲኩ መካከል ጣት ይገባል። «በዚህ ከቀጠለ ሕክምናውን ማቋረጥ ግድ ይሆንብናል» አለ። «ከተቋረጠ ደግሞ ሌላ የምንሰጠው ነገር የለንም። እባካችሁ ይብላ።» በአፍንጫው ቱቦ ለማስገባት ሞክረው ነበር፤ ጉሮሮው አልቀበልም አለ። በሆዱ በኩል ቀድደው ቱቦ እንዳያስገቡለት ልቡ ቀዶ ሕክምና አይችልም። የቀረው በገዛ አፉ መብላት ነው። የአፉ መክፈቻ ደግሞ የእኔ ጄል ነው።

«ይበላል እኮ» አልኩ። «ጠዋት እኔ ራሴ እቀባዋለሁ። ቀን አክስቴ ትቀባዋለች። ሳሕኑ ባዶ ነው የሚመለሰው።»

አክስቴ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍትና ትዘጋ ነበር።

አንድ ቀን ላቦራቶሪው መብራት ጠፋበትና ከምሳ በፊት ወደ ቤት ተመለስኩ። አባቴ የለም። ሾርባው ጠረጴዛው ላይ እንደተከደነ ነው።

«አባዬ የት ሄደ?»

«አየር ሊቀበል ወጣ» አለች አክስቴ።

«አልበላም?»

«ሲመለስ ይበላል።» ፊቷን አዞረች። «እኔን አትጠይቂኝ የኔ ልጅ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እምቢ ብዬው አላውቅም። ልማዴ አይደለም።»

ሱቁ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። አጠገቡ ልብስ ሰፊ አለ፤ አባቴ ከታመመ ወዲህ ቁልፉን የሚይዘው እሱ ነው። ከመድረሴ በፊት ሳቅ ሰማሁ። ሰፊው የስፌት መኪናውን ትቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሲያየኝ «ነይ፣ ነይ፤ ሬዲዮአችን ተጠገነ» አለኝ፤ ደስ ብሎት።

አባቴ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሚቆረጥ ሰው የለም፤ አግዳሚው ግን ሙሉ ነው።

«... ሰውየው ሠርጉ ነገ ነው፣ ጢሙን ሊላጭ መጥቶ እንቅልፍ ወሰደው» ይላል። «ግማሹን ላጭቼ ቀሰቀስኩት፣ አይነቃም። ቆይ ይረፍ ብዬ ተውኩት። ለካ ሚዜው እዚህ መኖሩን አያውቅም፣ በየቤቱ ይፈልገዋል። ሙሽሪት ቤት ሄዶ ‹ሰውየው እዚህ ነው?› ብሎ ጠየቀ። አባትዋ ምን አለ መሰላችሁ?»

«ምን አለ? ምን አለ?»

«‹ከጠፋ ይጥፋ፤ ድግሱን ግን አልመልስም።›»

አግዳሚው በሳቅ ተናጋ። አባቴም ሳቀ፤ አፉን ከፍቶ፣ ከታመመ ወዲህ እንዳላየሁት። ከዚያ አየኝ። ስኳር ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ መሰለ። የሆነ ነገር ሊለኝ ከንፈሩን ሲያላቅቅ ፊቱ ተጨማደደ፤ መዳፉን ሙሉ በሙሉ አፉ ላይ ጫነ። ሽፋኑ አልቋል። የሚስቅበትም፣ ምሳውን የሚበላበትም ጊዜ አብሮ አልቋል።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዱን ይዤው ነበር። ልቆጣው አልቻልኩም፤ መልስ መስጠት የማይችል ሰው አይቆጡትም። እስከሚቀጥለው ቅብ መጠበቅ ነበረብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቀባሁት። አፉን ከድኖ ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። ሾርባው መካከላችን ይተናል።

«ባዶ ሳሕን እያሳየህ ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት።

ሾርባውን አየ፤ እኔን አየ። «ልመልስልሽ ወይስ ልብላልሽ?»

«መልስልኝ።»

«ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ።»

«እንግዲያው ስሚ» አለ። «ይሄ ሾርባ እኔ አፍ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ነው። አክስትሽ ጨው ትጨምር አትጨምር አላውቅም። እንቁላሉ ሳሙና ነው። ጨረሩ ጣዕም የሚባለውን ነገር ጠራርጎ ወሰደብኝ። ስበላ ጆንያ የምሞላ ነው የሚመስለኝ። ወሬ ግን ...» ሳሕኑን ገፋ አደረገው። «ወሬ አሁንም ይጣፍጠኛል ልጄ።»

«ካልበላህ ሕክምናው ይቆማል።»

«አውቃለሁ።»

«ይቆማል አባዬ።»

«ሰማሁሽ። እሞክራለሁ እኮ። ማንኪያውን አነሣለሁ። አንድ ሁለቴ እውጣለሁ። ከዚያ በመስኮቱ የሚያልፍ ሰው ‹እንዴት አደርክ ሬዲዮ› ይላል። ሰው እንዴት አደርክ ሲልሽ ዝም ይባላል?»

እኔ ስንቱን ዝም እንዳልኩት ያውቃል። ያለው ግን ሊነካኝ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ፣ ጄሉ መብላትንም ማውራትንም ለምን እንደማይችል ጠየቀኝ። ምግብ ሲሆን እስከ መጨረሻው ይቆያል፤ ሲያወራ ግን ወዲያው ይለቅበታል። «ምላስ ሲያወራ ዕረፍት የለውም፤ ጥርሱን ይመታል፣ ላንቃውን ይመታል። ይሄን ሞክራችሁታል?» አለ።

ሽማግሌው ያኝካል። ምራቅ ይንጠባጠብለታል። ሽማግሌው አያወራም። በእነዚያ ሁሉ የሥራ ወራት አፍ ለመናገርም እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ሕመምተኞቹ የሚጠየቁት ጥያቄ ውስጥም የለም፤ ውሃ ይወርድልዎታል ወይ፣ ጠንካራ ምግብ ያኝካሉ ወይ ይላል። ያን ጥያቄ ካዘጋጁት አንዷ እኔ ነኝ። ከሰው ሁሉ መርጦ ለወሬኛ ሰው አፍ የሚሠራ መድኃኒት፣ ወሬ የማታውቅ ልጁ እጅ ላይ ወደቀ።

እያሰብኩ ሳለ አባቴ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ተወው። መዳፉ ወደ አፉ ሄደ። ሾርባው ላይ ስብ ረግቷል። ያን ጠዋት ያላበላሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ላቦራቶሪ ውስጥ ሌላ ቅይጥ ሠራሁ፤ ሲሳብ የሚለጠጥ፣ ሲላቀቅ ተመልሶ የሚይዝ። ሽማግሌው ሊሞክርልኝ ስለማይችል ማደንዘዣ የሌለበትን የራሴ ጉንጭና ምላስ ላይ ቀባሁ። ጓደኞቼ ምሳ ወጥተዋል። ሰዓቱን አስነሣሁ። አሁን የቀረው ማውራት ነው።

ምንም አልመጣልኝም። ጠርሙሶቹን ማንበብ ጀመርኩ። «ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ። ከመጠቀምዎ በፊት ይነቅንቁ። ከዓይን ጋር እንዳይነካካ ይጠንቀቁ።» ጠርሙሶቹ አለቁ። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ስለሚቀመጠው ሰው ጥቂት ተናገርኩ፤ ሁልጊዜ መስኮቱን ይከፍታል፣ እኔ ሁልጊዜ ይበርደኛል፣ ዝጋው ብዬው አላውቅም። ድምፄ ባዶ ክፍል ውስጥ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ሳላስበው «አባዬ» አልኩ።

«አባዬ፣ ያልነገርኩህ ብዙ ነገር አለ። የማልነግርህ ስለምታወራው ነው። የነገርኩህን ሁሉ በነጋታው ሱቅ ውስጥ ሰው ይስቅበታል። እኔም አንተን ላለማሳቀቅ ...» ቀጠልኩ። ብዙ ቀጠልኩ። ቀና ስል መምህሬ በሩ ላይ ቆመዋል።

ፊቴ እንደ ምድጃ ነደደ።

«ምን አቆመሽ?» አሉ። ወንበር ስበው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ፤ ሰዓቱን አንሥተው ያዙ። «ሰዓቱን እኔ እይዝልሻለሁ። እኔ የለሁም።»

አዲሱ ቅይጥ ቆየ። ከአሮጌው በጣም ቆየ። መምህሬ በመስታወት ጉንጬን አይተው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ፤ ከዚያ ሰዓቱን መለሱልኝ። አዲስ ቅይጥ ማለት አዲስ ፈተና፣ አዲስ ፈቃድ ማለት ነው። ወራት ይፈጃል። እኔም አውቀዋለሁ።

«ለአንድ ሰው ብቻ ቢሆንስ?» አልኩ። በሕይወቴ እሳቸውን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የጠየቅኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ለአንድ ሰው ብቻ።»

«የተላጠ ሥጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ አናውቅም፤ ያንቺ ጉንጭ ጤነኛ ነው» አሉ። «ሲላቀቅ ሥጋውን ይዞ ቢላቀቅስ? በአባትሽ ላይ ልትሞክሪው ነው?»

አልሞከርኩትም። ብልቃጡን ዘግቼ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጥኩት።

በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ተጠራን። ጭንብሉን ሲያለብሱት አባቴ ውስጡ ፊቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞረ። ሐኪሙ ወደ ቢሮው ወሰደን።

«እና ማጥበብ ነዋ» አለች አክስቴ። «ልብስ ሰፊ እንኳ ሱሪ ያጠብባል። ይሄ ሁሉ ማሽን ያለው ሰው አንድ ጭንብል አያጠብብም?»

«ጭንብሉንማ ሌላ እንሠራ ነበር እናቴ» አለ ሐኪሙ። «ሰውነቱ ነው። ደሙም ወርዷል፤ ከዚህ በላይ ጨረር አይችልም።»

«ሲጠነክርስ?»

ሐኪሙ ፋይሉን ዘጋ። አባቴ ያን ሰዓት አልተቀባም፤ መናገር አይችልም። እጁን ዘርግቶ የሐኪሙን እጅ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው፤ ልክ ደንበኛውን ቆርጦ ሲጨርስ ትከሻውን እንደሚመታው። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቤት ስንገባ አክስቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ሾርባ ጣደች። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ጨርቁን፣ ጓንቱን፣ ጄሉን አመጣሁ። አፉን አደረቅሁ፣ ቀባሁት፤ ቁስሉ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ሰፍቶ ነበር። ከንፈሩን ከደነ። መጠበቅ ጀመርን።

ግድግዳውን ላየው ነበር። ግን እሱን አየሁት።

«አባዬ» አልኩ፣ «አንደኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ስም ሲጠራ አቤት እል ነበር። በጣም በቀስታ። እሱ አይሰማኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ቀሪ ተብዬ ነው የተመዘገብኩት። አንድ ቀን መምህሩ መጥቶ ‹ወደዚች ልጅ ቤት ማን ይሂድ፣ ታማ ይሆናል› ብሎ ክፍሉን ጠየቀ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ።»

ዓይኑ ጠበበ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ አፉን ሳይከፍት እየሳቀ ነው።

«አንድ ልጅ ‹እኔ ቤቷን አውቀዋለሁ› አለ። ላኩት። የት እንደሄደ ታውቃለህ? አንተ ሱቅ። አንተ ወሬ ላይ ነበርክ። ልጁ ተቀምጦ ሲያዳምጥ የተላከበትን ረሳው።»

ሽፋኑ ይዟል። አውቄዋለሁ፤ ከንፈሩ ሲላላ ይታየኛል። አክስቴ ሳሕኑን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ያልፋል። አንዱ «እንዴት ዋልክ ሬዲዮ» አለ። አባቴ እጁን ብቻ አነሣለት፤ ፊቱን ግን ከእኔ አላዞረም።

«ከዚያስ?» አለኝ።

ከዚያ የሆነ ነገር አልነበረም። ልጁ ተመለሰ፣ መምህሩ ረሳው፣ እኔም እንደ ቀሪነቴ ዓመቱን ጨረስኩ። ይህን ብዬ ባቆም እሱ ይጀምራል፤ ወይም ማንኪያውን ያነሣል። ሁለቱንም አልፈለገም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ከዚያማ» አልኩ፣ «ልጁ በማግስቱ እንደገና ልሂድ አለ።»

ይህ አልሆነም። በማግስቱ ሌላ ልጅ እንደተከተለው፣ በሦስተኛው ቀን ክፍሉ በሙሉ ሊፈልገኝ ሱቁ አግዳሚ ላይ እንደተደረደረ፣ መምህሩም ተማሪዎቹን ፍለጋ መጥቶ ፀጉሩን እንደተቆረጠ ነገርኩት። አክስቴ ሳሕኑን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ስለማላውቃቸው ሰዎች፣ ስላልተባለ ነገር አወራሁ። ድምፄ ይሰነጠቃል፣ እመልሰዋለሁ።

ሽፋኑ እንዳለቀ በወንበሩ ክንድ ላይ ከጠነከሩት ጣቶቹ አወቅሁ። ወደ ጄሉ ሳይ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ፤ የሚቀጥለው ቅብ ሰዓት ገና ነበር። ወሬውን አቆምኩ። ያኔ እጁን ከወንበሩ ክንድ ላይ አላቅቆ ትንሽ አዞረው፤ ቀጥይ ለማለት። ዓይኑ በእንባ ሞልቷል፤ ከሕመሙ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

ቀጠልኩ።